የመተዋወቂያ ጨዋታ ምንድን ነው?

አዲስ አባል ወደ አንድ ማኅበር ወይም ክበብ ሲመጣ በሩ ላይ “እንኳን ደህና መጣህ” መባሉ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ግን ነባሮቹ እርስ በርስ ያወራሉ፣ አዲሱ ጥግ ይዞ ስልኩን ይነካካል። የመተዋወቂያ ጨዋታ ይህ እንዳይሆን በስብሰባው መጀመሪያ ላይ የሚደረግ፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ የሚወስድ ጨዋታ ነው። ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች “አይስብሬከር” ይሉታል። ከማነቃቂያ ጋር አይምታታ፤ ማነቃቂያ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ የተጫነውን ሰው ለማስነሳት የሚደረግ ጭብጨባና እንቅስቃሴ ነው። የመተዋወቂያ ጨዋታ ግን ሥራው የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ በጊዜ እንዲሰማና ስሙ እንዲያዝለት ማድረግ ነው። ሳቅ ከመጣ እሰየው፤ ባይመጣም ጨዋታው ከሽፏል ማለት አይደለም።

“በየተራ ራሳችሁን አስተዋውቁ” ማለት ለምን አይበቃም? ተራው የቀረበ ሰው የሚለውን በልቡ እያሰናዳ ስለሆነ ከፊቱ ያለው የተናገረውን በደንብ አይሰማም። ማልኮም ብሬነር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ይህንኑ በጥናት አሳይቷል፤ ሰዎች በደንብ የማያስታውሱት ልክ ከራሳቸው ተራ በፊት የተነገረውን ነው። 15 ሰው ዙሩን ጨርሶ ማንም የማንንም ስም ሳይዝ የሚበተነው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጥሩ ጨዋታ ጆሮን ወደ ሌላው ሰው ይመልሳል፤ የሚባለውንም አስቀድሞ አዘጋጅቶ ይሰጣል። ልጆች “እንቆቅልህ” ሲባሉ “ምን አውቅልህ” ለማለት የማያፍሩት ቃሉ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቃቸው ነው።

ለእኛ ሰው ከሁሉ የሚቀለው በጥንድ መጠያየቅ ነው። ስለ ራስ ብዙ ማውራት ጉራ ይመስላል፤ ስለ ሌላው መናገር ግን አያሳፍርም። 16 ሰው ካለ ከ1 እስከ 8 ሁለት ጊዜ ያስቆጥሯቸው፤ ተመሳሳይ ቁጥር የደረሳቸው ይጣመራሉ። ሳይቆጠር “ሁለት ሁለት ሁኑ” ከተባለ ጓደኛ ከጓደኛው ጋር ይሆንና አዲሱ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ አንዱ ቡድን ሦስት ይሁን እንጂ አስተባባሪው አይጣመር፤ ሰዓት የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ለሁለት ደቂቃ ይጠይቃል፣ ከዚያ ሌላው ለሁለት ደቂቃ፤ በመጨረሻ እያንዳንዱ የተጣመረውን ሰው በ30 ሴኮንድ ለሁሉም ያስተዋውቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ “ምን ብዬ ልጥራዎት?” ይሁን። “አንተ” ይባል ወይስ “እርስዎ” የሚለው እዚያው ይለያል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ባሉበት ይህ ሳይለይ ከተጀመረ ወጣቱ ከመሳሳት ዝምታን ይመርጣል።

ስም ለማስያዝ ደግሞ የስም ሰንሰለትን የሚያህል የለም። ሁሉም ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያዋ ስሟንና አንድ ቀላል ነገር ትናገራለች፤ ለምሳሌ ከአቦል፣ ከቶናና ከበረካ የምትመርጠውን። ሁለተኛው “እሷ ሰላም ናት፣ አቦል፤ እኔ ዮናስ ነኝ፣ በረካ” ይላል። ሦስተኛው የሁለቱን ደግሞ የራሱን ይጨምራል። በ12 ሰው ክብ ውስጥ የመጨረሻው ሰው 11 ስም መጥራት አለበት። ስለዚህ አዲሱን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ፣ ነባሩን መጨረሻ ላይ ያስቀምጡ። ብዙ አስተባባሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አዲሱ ሰው አፍሮ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ዙሩ ከወዲያ ይጀመራል፣ ከባዱ ሸክም እሱ ላይ ያርፋል። ከ12 በላይ ከሆኑ ለሁለት ክብ ይከፈሉ። ስም የጠፋው ሰው ሲኖር ባለስሙ ራሱ ጮክ ብሎ ይናገርለትና ሰንሰለቱ ይቀጥል። “አስታውስ እንጂ!” እያሉ መጠበቅ ጨዋታውን ፈተና ያደርገዋል።

በዚህ ዙር ላይ “የስምህ ትርጉም ምንድን ነው?” የሚል ጥያቄ የሚጨምሩ አሉ። የእኛ ስም ታሪክ ስላለው ጥያቄው ያጓጓል። ነገር ግን ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የመሳሰሉት ስሞች ብዙ ጊዜ የሚወጡት ቤተሰቡ ሰው ከሞተበት በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ በማያውቃቸው ሰዎች ፊት፣ አንድን ሰው ከእሱ በፊት ስለሞተ ወንድሙ ማናገር አይገባም። “ቤት ውስጥ ምን ብለው ይጠሩሃል?” ቢባል ይሻላል፤ የፈለገ የቁልምጫ ስሙን ይናገራል፣ ያልፈለገ “ያው በስሜ” ብሎ ያልፋል። ጥሩ ጥያቄ እንዲህ ያለ ማምለጫ አለው። “አገርህ የት ነው?”፣ “አግብተሻል?”፣ “የት ነው የምትሠራው?” የሚሉት ማምለጫ የላቸውም። አንዱ ብሔር ይቆጥራል፣ ሌላው ሥራ ፍለጋ ላይ ያለውን ሰው አንገት ያስደፋል።

“ሁለት እውነት፣ አንድ ውሸት” በብዙ አገር የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ስለ ራሱ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ሌሎቹ ውሸቱን ይገምታሉ። ከአምስት ሰው በላይ በሆነ ቡድን ይጎተታል፤ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ቢያዝ እንኳ አምስቱ 15 ደቂቃ ይፈጃሉ። ትልልቅ ሰዎች በሚገኙበት ወይም በሃይማኖት ማኅበር ውስጥ ግን “ዋሹ” ማለት ይከብዳል። እዚያ “ሁለት ያደረግሁት፣ አንድ ላደርገው የምመኘው” ብሎ መለወጥ ነው፤ ግምቱም ጨዋታውም እንዳለ ይቆያል።

ሳይነጋገሩ በልደት ወር መሰለፍም ጥሩ ነው፤ በተለይ ቋንቋ ገና ለማይደፍሩ። በውጭ አገር ከተወለዱ ልጆች ጋር ሲሆን ግን መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩን ይወስኑ። አንዱ ከመስከረም፣ ሌላው ከጃንዋሪ ከቆጠረ ሰልፉ ይተራመሳል። በእኛ አቆጣጠር ከሄዳችሁ ወሩ 13 ስለሆነ ጣት አይበቃም፤ አሥሩን ጣት አሳይቶ እንደገና ሦስት መጨመርን አስቀድሞ ማስተማር ያስፈልጋል። የልደት ቀናቸውን የማያውቁ አረጋውያን ካሉ ይህን ጨዋታ መተው ነው።

በዙም ሲሆን የመቀመጫ ቅደም ተከተል ስለሌለ ተራውን የጨረሰ ሰው ቀጣዩን በስሙ ይጥራ።

የትኛውም ይመረጥ፣ አስተባባሪው መመሪያውን ከማብራራት ይልቅ ራሱ ተጫውቶ ያሳይ፤ ሰው የሚለካው በእሱ መልስ ነው። እሱ በአጭሩ ከመለሰ ሁሉም በአጭሩ ይመልሳል፣ የሕይወት ታሪኩን ከጀመረ ደግሞ ሁለተኛው ሰው ይጨነቃል። ነባሮቹም ይጫወቱ። አዲሱ ብቻ መሐል ቆሞ ሲጠየቅ፣ ሌላው ቁጭ ብሎ ሲያይ፣ ያ ምርመራ እንጂ ጨዋታ አይደለም። “እለፈኝ” ማለትም እንደሚቻል ከመጀመሩ በፊት ይነገር። ጨዋታው ሲያልቅ ለእያንዳንዱ አዲስ አባል አንድ ነባር ይመደብ፤ በሁለተኛው ስብሰባ በሩ ላይ ቆሞ በስሙ የሚጠራው፣ አጠገቡም ወንበር የሚይዝለት እሱ ነው።