ችክችካና ግሪድ፦ የወሎን ዘፈን ምቱ ላይ መቁረጥ

የተቀዳ ድምፅ ስትቆርጥና ስትቀጥል መቁረጫው ልክ ምቱ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ስቱዲዮ ውስጥ «ግሪድ ላይ ማስቀመጥ» ይባላል። ኩቤዝ፣ ፕሮ ቱልስ፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ ሪፐር፣ የሙዚቃ መቅጃ ሶፍትዌሮቹ ሁሉም ያደርጉታል። ቴምፖውን፣ ማለትም በደቂቃ ስንት ምት እንዳለ፣ ትሰጠዋለህ፤ ሶፍትዌሩ ስክሪኑን በመስመር ይሸነሽነዋል፣ ግሪድ የሚባለው ይሄ ነው። ስናፕ የሚባለው ማብሪያ ክፍት ከሆነ የምትጎትተው ሁሉ ቅርብ ያለው መስመር ላይ ሄዶ ይለጠፋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 60,000ን ለቴምፖው ስታካፍል የአንዱ ምት ርዝመት በሚሊሰከንድ ይወጣል። ቴምፖው 100 ከሆነ 600 ነው።

ጣጣው ወሎ ላይ ነው። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ሞቅ ያለ የባህል ዘፈን ስትቀዳ ብዙ ጊዜ ችክችካ ነው፤ 6/8፣ ማለትም እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል። ሶፍትዌሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 4/4 ሆኖ፣ ምቱን ለሁለት ወይ ለአራት እየከፈለ፣ ነው የሚጠብቅህ። በ100 ቴምፖ ከበሮው በ0፣ በ200 እና በ400 ሚሊሰከንድ ይመታል፤ ምቱን ለአራት የከፈለ ግሪድ ግን መስመሮቹ 0፣ 150፣ 300 እና 450 ላይ ናቸው። ኳንታይዝ ስትለው፣ ማለትም ሁሉንም ምት ቅርብ ወዳለው መስመር ሳብ ስትለው፣ 200 ወደ 150፣ 400 ወደ 450 ይሸሻል። 50 ሚሊሰከንድ ምንም አይመስልም፣ እስክስታ የያዘ ትከሻ ግን ወዲያው ይደናበራል። እኔም በጀማሪነቴ አንድ ሙሉ ከበሮ እንዲህ አበላሽቼ ጥፋቱን መቺው ላይ ላክኬያለሁ፣ ይቅር ይበለኝ። መላው ግሪዱን ትሪፕሌት፣ ማለትም ምቱን ለሦስት የሚከፍል፣ ማድረግ ነው።

መሣሪያም ይለያል። የከበሮና የክራር ድምፅ መነሻው ስክሪኑ ላይ እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ሶፍትዌሩ ራሱ ያገኘዋል። ማሲንቆ ግን ጭራው ሲሳብ ድምፁ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ልክ መስመሩ ላይ ከቆረጥከው አፉን ትበላዋለህ፣ ስለዚህ በጆሮህ ፈልገህ ትንሽ ቀደም ብለህ ቁረጥ። መገጣጠሚያው ላይም ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ክሮስፌድ (አንዱ ድምፅ እየቀነሰ ሌላው እየጨመረ የሚተካካበት) ጣል አድርግበት፣ አለዚያ ጠቅ ይላል።

የመንዙማ ጭብጨባን ባትነካው ይሻላል። ወፍራም የሆነው እኮ ብዙ እጅ በጥቂቱ እየተቀዳደመ ስለሚያጨበጭብ ነው፤ ሁሉንም መስመር ላይ ስታሰልፈው የአንድ ሰው ጭብጨባ ይሆናል።

ትዝታ ወይ አምባሰል ሲጀመር ማሲንቆው ብቻውን የሚያንጎራጉርበት መግቢያ ላይ ደግሞ ቋሚ ምት የለም። እዚያ ስናፑን ዝጋው። ዘፈኑ ያለ ክሊክ፣ ማለትም ምቱን በጆሮ ከሚቆጥረው ድምፅ ውጪ፣ ከተቀዳም ተጫዋቹን ወደ መስመሩ አትጎትት፤ ቴምፖ ማፕ፣ ማለትም ቴምፖው የት እንደሚፈጥንና የት እንደሚዘገይ የሚያሳይ ካርታ፣ ሠርተህ መስመሩን ወደ ተጫዋቹ አምጣው።