የመስክ ጥናት በማኅበራዊ ሳይንስ

የመስክ ጥናት ተመራማሪው ሰዎች ካሉበት ድረስ ሄዶ፣ አብሯቸው ውሎ፣ አይቶና ጠይቆ መረጃ የሚሰበስብበት ዘዴ ነው። የሰውን ባህልና አኗኗር የሚያጠናው አንትሮፖሎጂ ያለ እሱ አይታሰብም። ሶሲዮሎጂ፣ ጂኦግራፊና ፖለቲካል ሳይንስም ይሠሩበታል፤ ብዙውን ጊዜ ግን መጠይቅ ይዘው ሄደው ቶሎ ይመለሳሉ። (ከታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሩቅ ሕዝቦች የጻፉት ምሁራን አብዛኞቹ ከቤተ መጻሕፍት አልወጡም። የሚሲዮናውያንና የመንገደኞች ጽሑፍ ይበቃቸው ነበር። ጀርመናዊው ተመራማሪ ፍራንዝ ቦአስ ግን በ1883 በሰሜን ካናዳ ወዳለው ባፊን ደሴት ሄዶ ከነዋሪዎቹ ከኢኑዊት ሕዝብ ጋር ከረመ። በ1898 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተመራማሪዎች ቡድን በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ መካከል ያለው ቶረስ ሰርጥ ደረሰ።

ዘዴውን ወግ ያስያዘው ግን ፖላንድ የተወለደው አንትሮፖሎጂስት ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ ነው። በ1914 የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ አውስትራሊያ ነበር። የኦስትሪያ ዜጋ በመሆኑ በሕግ እንደ ጠላት ቢቆጠርም ምርምሩን እንዲቀጥል ተፈቀደለት። ከ1915 እስከ 1918 ባለው ጊዜ ሁለቴ በኒው ጊኒ አጠገብ ወዳሉት ትሮብሪያንድ ደሴቶች ሄዶ ረጅም ጊዜ ተቀመጠ። ድንኳኑን መንደር መሃል ተከለ፤ ቋንቋውን ለመደ። ኩላ የተባለውን የደሴተኞቹን የስጦታ ልውውጥ ያወቅነው በዚህ ትዕግሥት ነው። ቀይ የዛጎል ሐብል በአንድ አቅጣጫ፣ ነጭ የዛጎል አምባር በተቃራኒው ከደሴት ደሴት ይዞራል። ይህን በመጠይቅ ማን ይደርስበት ነበር? ከሞተ በኋላ በ1967 የታተመው የግል ማስታወሻው በነዋሪዎቹ ላይ ንቀትና ብስጭት እንደነበረው አሳይቷል። ሥራው ግን አልወደቀም።

ከተማም መስክ ሆኗል። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዊሊያም ፉት ዋይት በ1930ዎቹ መጨረሻ በቦስተን የጣሊያኖች ሰፈር ኖሯል። ዋናው መረጃ ሰጪው ጥያቄ እንዳያበዛ፣ ዝም ብሎ አብሯቸው ቢውል መልሱ ራሱ እንደሚመጣ መክሮታል።

አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ማርጋሬት ሚድ በፓስፊክ ደሴት በሳሞአ ወጣቶች ያለ ብዙ ጭንቀት ያድጋሉ ብላ የጻፈችው እስካሁን ያከራክራል። በ1983 ሌላው አንትሮፖሎጂስት ዴሬክ ፍሪማን ተሳስታለች ብሎ መጽሐፍ አወጣ። እሷ በ1978 ስላረፈች መልስ አልሰጠችም። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች የተጋነነው የፍሪማን ክስ ነው ይላሉ፤ አንዳንዶች ደግሞ እሷም ቸኩላለች ባዮች ናቸው።

የዕለት ሥራው ብዙም አያምርም። ወሬ እየሰሙ መቀመጥ፣ ቀጠሮ ሲሰረዝ መታገስ፣ ማታ ማስታወሻ መጻፍ ነው። ማስታወሻ በዚያው ቀን ካልተጻፈ ዝርዝሩ ይጠፋል። ያየኸውን ካንተ አስተያየት ለይተህ መጻፍም ግድ ነው። አንድ ሰው የነገረህን ከሌላው ጋር ታመሳክራለህ፤ ሰው የሚናገረውና የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ይለያያልና።

ሥነ ምግባሩ የጠበቀው ዘግይቶ ነው። በ1965 የአሜሪካ ጦር ገንዘብ የመደበለት፣ በሌሎች አገሮች አመፅ የሚነሳበትን ምክንያት ሊያጠና የታቀደው «ፕሮጀክት ካሜሎት» ቺሊ ውስጥ ቁጣ ቀስቅሶ ተሰረዘ። በ1971 የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር የተመራማሪው ቀዳሚ ኃላፊነት ለሚያጠናቸው ሰዎች ነው ሲል ደነገገ። ዛሬ ከቃለ መጠይቅ በፊት ፈቃድ ይጠየቃል፤ ስምም ይቀየራል። ፊርማ ሰዎችን የሚያስፈራ ወይም ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ የቃል ፈቃድ ሊበቃ ይችላል።