የእግር ኳስ ተጫዋችና የፖለቲካ ተቃውሞ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በእኛ ዘንድ የስፖርተኛ ተቃውሞ ሲነሣ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ የማራቶኑን ፍጻሜ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ያቋረጠው ፈይሳ ሌሊሳ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፈይሳ የብር ሜዳሊያውን ካጠለቀ በኋላ ወደ አገሩ ሳይመለስ ቀረ፤ የተመለሰውም ሁለት ዓመት ያህል በአሜሪካ በስደት ከኖረ በኋላ በ2018 ነው። ሯጭ ግን ሌላው ቢቀር እንጀራው በገዛ እግሩ ላይ ነው፤ ሰዓቱ ጥሩ ከሆነ በየከተማው የሚጋብዘው ውድድር አያጣም። የእግር ኳስ ተጫዋች የክለብ ውል፣ የፌዴሬሽን ምዝገባ፣ የአሰልጣኝ ምርጫና አብረውት የሚሰለፉ ዐሥር ሰዎች ያስፈልጉታል፤ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሙያው ይቆማል። ስለ ተጫዋቾች ተቃውሞ ከሚነገረው ውስጥ ብዙው የተሳሳተው ይህን ልዩነት ሳያስብ ስለሚነገር ይመስለኛል።

«ፊፋ ፖለቲካን ስለከለከለ፣ ተቃውሞውን የሚያሰማ ተጫዋች ሕግ አፍራሽ ነው»

የጨዋታው ሕግ በአራተኛው ክፍሉ የሚከለክለው በማሊያ፣ በቁምጣና በውስጥ ልብስ ላይ የሚጻፍን የፖለቲካ፣ የሃይማኖት ወይም የግል መፈክርና ምስል ነው። ይህ ስለ መጫወቻ ትጥቅ የተደነገገ እንጂ ተጫዋቹ ከሜዳ ውጭ እንደ አንድ ዜጋ የሚናገረውን የሚገዛ አይደለም። በሜዳ ላይ ሲጣስም ቅጣቱ ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው። የሊቨርፑሉ ሮቢ ፋውለር በ1997 ግብ ካገባ በኋላ ማሊያውን ገልጦ ከሥራ ለተባረሩ የከተማው ወደብ ሠራተኞች ድጋፉን ሲያሳይ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር የቀጣው 2,000 የስዊዝ ፍራንክ ነበር። በ2009 መጀመሪያ፣ የጋዛ ጦርነት እየተካሄደ ሳለ፣ የሲቪያው ፍሬዴሪክ ካኑቴ «ፍልስጤም» የሚል ጽሑፍ ያለበትን የውስጥ ልብስ በማሳየቱ 3,000 ዩሮ ተቀጥቷል። ሁለቱም መጫወታቸውን ቀጥለዋል።

ሕጉ ለሁሉም በአንድ ሚዛን አለመሠራቱም ሊታወቅ ይገባል። በ2020 የጆርጅ ፍሎይድን ግድያ በመቃወም በጀርመን ሊግ የተጫወቱ ወጣቶች በትጥቃቸው ላይ መልእክት ይዘው ሲወጡ፣ ፊፋ የውድድር አዘጋጆች ነገሩን በአስተውሎት እንዲያዩት ጠየቀ፤ የጀርመን ፌዴሬሽንም አልቀጣቸውም። ከሁለት ዓመት በኋላ በኳታር የዓለም ዋንጫ ግን ሰባት የአውሮፓ ቡድኖች አምበሎቻቸው መድሎን የሚቃወም ባለ ቀለም የክንድ ማሰሪያ እንዲያስሩ ሲያቅዱ፣ ፊፋ ቢጫ ካርድ እንደሚጠብቃቸው አሳወቀና ሁሉም ተዉት። ጨዋታ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት የመጣ የአንድ ቢጫ ካርድ ማስፈራሪያ ሰባት ፌዴሬሽኖችን መለሰ። ብቻውን የቆመ ተጫዋች በየትኛው ሚዛን እንደሚለካ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

«ክለቡ አልወደደውም ማለት ሥራው አበቃ ማለት ነው»

አንዋር ኤል ጋዚ በ2023 መኸር ስለ ጋዛ በማኅበራዊ መገናኛ በጻፈው ምክንያት የጀርመኑ ክለብ ማይንዝ በኦክቶበር አገደው፤ በኖቬምበር መጀመሪያም ውሉን አቋረጠ። ብዙ ሰው ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎት ነበር። ተጫዋቹ ግን ወደ ሥራ ክርክር ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱም በጁላይ 2024 ስንብቱ ሕጋዊ እንዳልሆነና ክለቡ 1.7 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ያልተከፈለ ደመወዝ እንዲከፍል ወሰነ። ኤል ጋዚ ከሚያገኘው ገንዘብ 500,000 ዩሮ ለጋዛ ሕፃናት እንደሚሰጥ አስታወቀ።

ውል እንግዲህ ጠንካራ መከላከያ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ነጻ በሆነበት አገር። ይሁን እንጂ ፍርድ የማይመልሰው ነገር አለ፤ እርሱም ጊዜ ነው። ኤል ጋዚ አዲስ ክለብ ያገኘው በኦገስት 2024 ሲሆን፣ በሃያ ስምንትና በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ መካከል ያለውን የውድድር ዘመን አብዛኛውን ክፍል ያለ ጨዋታ አሳልፏል። ለሐኪም ወይም ለመምህር ዘጠኝ ወር የሚካካስ ነው፤ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ዓመት ብቻ ለሚቆይ ሙያ ግን ትልቅ ቁራጭ ነው።

በውል የማይያዝ ሌላ ጉዳትም አለ። ሜሱት ኦዚል በዲሴምበር 2019 በቻይና ስላሉት ኡይጉሮች (በአብዛኛው ሙስሊም የሆነ ሕዝብ) ሲጽፍ፣ ክለቡ አርሰናል ንግግሩ የግሉ እንደሆነ በመግለጽ ራሱን አራቀ፤ የቻይና መንግሥት ቴሌቪዥንም አርሰናል ከማንቸስተር ሲቲ ያደረገውን ጨዋታ ሳያስተላልፍ ቀረ፤ በቻይና ከሚሸጥ የእግር ኳስ የቪዲዮ ጨዋታም ስሙ ተሰረዘ። በኋላ በ2020 ከፕሪሚየር ሊግ ስም ዝርዝር ውጭ ሲሆን አሰልጣኙ ምክንያቱ የእግር ኳስ ብቻ እንደሆነ ተናግረዋል። አሰልጣኙን ውሸታም ማለት አይቻልም፤ ተጫዋቹም ተቃራኒውን ማስረዳት አይችልም። አሰላለፍ ምክንያት የማይጠየቅበት ውሳኔ በመሆኑ፣ በዚያ በኩል ለሚመጣ ቅጣት፣ ቅጣት ከሆነ፣ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የለም።

«ሀብታምና ዝነኛ ስለሆነ ምንም አይነካውም»

ሃካን ሹኩር ለቱርክ ብሔራዊ ቡድን 51 ግቦችን አስቆጥሯል፤ በ2002 የዓለም ዋንጫ በደቡብ ኮሪያ ላይ ጨዋታው በተጀመረ በ11ኛው ሰከንድ ያገባው ግብ እስካሁን በውድድሩ ታሪክ ፈጣኑ ነው። በ2011 በገዢው ፓርቲ ስም የፓርላማ አባል ሆነ፤ በ2013 መጨረሻ ከፓርቲው ወጣ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ መንግሥት በጠላትነት ከሚያየው ከሰባኪው ፈቱላህ ጉለን እንቅስቃሴ ጋር ተያይዞ ተከሰሰ፤ በቱርክ ያለው ንብረቱ ተያዘ፤ አባቱም ታሰሩ። በ2020 ለአንድ የጀርመን ጋዜጣ በሰጠው ቃለ ምልልስ በኡበር ሹፌርነት እንደሚሠራና መጻሕፍት እንደሚሸጥ ተናገረ። በጉዳዩ ውስጥ የፓርቲ ፖለቲካ ስላለበት ከሌሎቹ ይለያል፤ የአገሩ ታላቅ አጥቂ መሆን ግን አባቱን ከእስር አላዳነም።

«ብዙ ቢመጣ ከብሔራዊ ቡድን ይቀነሳል»

ማህሳ አሚኒ የተባለች ወጣት በሂጃብ አለባበሷ ተይዛ በሴፕቴምበር 2022 በቴህራን በፖሊስ ቁጥጥር ሥር ሳለች ከሞተች በኋላ ኢራን በተቃውሞ ስትናጥ፣ የብሔራዊ ቡድኑ አጥቂ ሰርዳር አዝሙን ከሴቶቹ ጎን መቆሙን በይፋ ጻፈ፤ ከቡድኑ ሊባረር እንደሚችልም ራሱ አነሣ። ሆኖም ወደ ኳታር ሄዶ ተጫውቷል። አዝሙን ያን ጊዜ በጀርመን ለባየር ሌቨርኩሰን ይጫወት ነበር፤ ዓለም ያውቀዋል፤ ቡድኑም ያለ እርሱ ይዳከማል።

በአገር ውስጥ ያሉት ግን እንዲህ አልሆነላቸውም። የቀድሞው የኢስቴግላል አምበል ቮሪያ ጋፉሪ፣ የዓለም ዋንጫው እየተካሄደ ሳለ በኖቬምበር 24 ተያዘ፤ ከቀናት በኋላ በዋስ ተለቀቀ። አሚር ናስር አዛዳኒ ደግሞ በአንድ ወቅት ለትራክተር ክለብ የተጫወተ፣ ከኢራን ውጭ ብዙም የማይታወቅ የ26 ዓመት ተጫዋች ነበር። በኢስፋሃን ሦስት የጸጥታ ኃይል አባላት ከተገደሉበት ድርጊት ጋር ተያይዞ ታሰረ፤ የሞት ቅጣት ሊያስከትል በሚችል ክስ እየተመረመረ እንደሆነ ሲሰማ፣ የዓለም ተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ በዲሴምበር 2022 ድምፁን አሰማ። በጃንዋሪ 2023 የተለያዩ ቅጣቶቹ ተደምረው 26 ዓመት እስራት የተፈረደበት ሲሆን፣ በተግባር የሚቆጠረው ከሁሉ ረጅሙ፣ 16 ዓመት ነበር። በዚያው መዝገብ ከተከሰሱት ሦስቱ በሜይ 2023 በስቅላት ተገደሉ። ስለ ተጫዋች ተቃውሞ ስናወራ ስለ አዝሙን ብቻ ማውራታችን ያሳዝነኛል፤ አደጋው የሚበረታው ስሙ በማይታወቀው ላይ ነውና።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ፍርደ ገምድልነት አለ። የኢራን ቡድን በመጀመሪያው ጨዋታ ከእንግሊዝ ጋር ሲጫወት መዝሙሩን ሳይዘምር ቆመ፤ ከአራት ቀን በኋላ ከዌልስ ጋር ሲጫወት ግን ዘመረ፤ ከገዛ ደጋፊዎቹም የፉጨት ተቃውሞ ደረሰበት። በእነዚያ አራት ቀናት ለእያንዳንዱ ተጫዋች ምን እንደተነገረው ሳናውቅ «ከዱ» ማለት ቀላል ነው። ቤተሰቡ በቴህራን ወይም በሺራዝ ያለ ሰው ከንፈሩን ስላንቀሳቀሰ ልቡን አውቀናል ማለት አይደለም።

«አገር ጥሎ ከወጣ በኋላ ምን ያገኘዋል?»

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የምጽፈው፣ ስሕተቱ ከእግር ኳስ አልፎ በስደት ያሉ ብዙ ወገኖቻችንንም ስለሚመለከት ነው። የባሕሬኑ ተከላካይ ሃኪም አል አራይቢ በ2012 ታስሮ ነበር፤ በእስር ቤት እንደተደበደበና የእስሩ ምክንያት የወንድሙ የፖለቲካ ተሳትፎ እንደሆነ ተናግሯል። በ2014 በሌለበት፣ የፖሊስ ጣቢያ አጥቅቷል ተብሎ 10 ዓመት ተፈረደበት፤ እርሱ ግን ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ጊዜ በቴሌቪዥን በቀጥታ በሚተላለፍ ግጥሚያ ላይ እንደነበረ አስረዳ። ወደ አውስትራሊያ ሸሽቶ በ2017 የስደተኛነት ዕውቅና አገኘ፤ በሜልበርን ለፓስኮ ቬል ክለብ ይጫወት ጀመር። በ2016 የባሕሬን ንጉሣዊ ቤተሰብ አባልና የእስያ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆኑት ሼክ ሳልማን ለፊፋ መሪነት ሲወዳደሩ፣ አል አራይቢ የታሰሩትን ተጫዋቾች አልታደጉም ብሎ በግልጽ ነቅፏቸው ነበር።

በኖቬምበር 27 ቀን 2018 ከባለቤቱ ጋር ለጫጉላ ሽርሽር ባንኮክ ሲደርሱ በአውሮፕላን ማረፊያው ተያዘ። የተያዘው ባሕሬን በዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት በኢንተርፖል በኩል ባስወጣችው፣ የየአገሩ ፖሊስ ተፈላጊውን እንዲይዝ በሚጠይቅ «ቀይ ማስጠንቀቂያ» ነበር። የኢንተርፖል የራሱ ደንብ፣ ስደተኛን የሸሸው አገር ሲጠይቅ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ጉዞውን ለታይላንድ ያሳወቀው ደግሞ ጥገኝነት ከሰጠችው ከአውስትራሊያ ፖሊስ በኩል የሄደ መልእክት ነበር። ማስጠንቀቂያው በቀናት ውስጥ ተሰረዘ፤ አል አራይቢ ግን አልተፈታም፤ ባሕሬን ተላልፎ እንዲሰጣት ጠየቀች። በፌብሩዋሪ 2019 እግሩ በሰንሰለት ታስሮ፣ ባዶ እግሩን ፍርድ ቤት ሲቀርብ የተነሣው ፎቶ ዓለምን ዞረ።

ያዳነው የጉዞ ሰነዱ አልነበረም። የቀድሞው የአውስትራሊያ አምበል ክሬግ ፎስተር ከአገር አገር እየዞረ ተሟገተለት፤ ፊፍፕሮና የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ግፊት አደረጉ፤ የአውስትራሊያ መንግሥትም ጠየቀ። ከ76 ቀናት እስር በኋላ ተላልፎ እንዲሰጥ የቀረበው ክስ ተነሥቶ ወደ ሜልበርን ተመለሰ፤ በማርች 2019 የአውስትራሊያ ዜግነት ተቀበለ። የስደተኛ ወረቀት ጥበቃው የሚጸናው በሰጠው አገር ውስጥ ነው፤ ሦስተኛ አገር ሲገባ ያ አገር ውሉን ያልፈረመ ሊሆን ይችላል፤ ታይላንድም የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት አልፈረመችም። የጥገኝነት ሰነድ ይዞ ለዘመድ ሠርግ ወይም ለእረፍት ለመብረር የሚያስብ ወገን ሁሉ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ይህን ከሕግ አዋቂ ጋር ቢነጋገርበት እመኛለሁ።

«የሚከፍለው እርሱ ብቻ ነው»

የቺሊው አጥቂ ካርሎስ ካስሴሊ በ1974 የአገሩ ቡድን ለዓለም ዋንጫ ሲሸኝ፣ በ1973 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ለያዙት ለጄኔራል ፒኖቼ እጁን አልዘረጋም። የሳንቲያጎ ብሔራዊ ስታዲየም ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ እስረኞች የታጎሩበት ቦታ ስለነበር፣ ያ እጅ ለእርሱ ከሥነ ሥርዓት በላይ ትርጉም ነበረው። ታስረው የተሠቃዩት ግን እናቱ ኦልጋ ጋሪዶ ናቸው። ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ ፒኖቼ በሥልጣን እንዲቆዩ ወይም እንዳይቆዩ በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ዘመቻ፣ እኒህ እናት በቴሌቪዥን ቀርበው የደረሰባቸውን ተናገሩ፤ ሲጨርሱ ካስሴሊ ከጎናቸው ታየና እናቴ ናቸው አለ። በኦክቶበር 1988 «አይሆንም» የሚለው ድምፅ 56 በመቶ ገደማ አግኝቶ አሸነፈ።

«ተቃውሞ የተጫዋችን ሙያ ያጠፋል»

ሁልጊዜ አይደለም። ብራዚላዊው ሶክራቲስ፣ አገሩ በወታደሮች እየተገዛች ሳለ፣ በ1982 ከኮሪንቲያንስ ጓደኞቹ ጋር ሕዝቡ በኖቬምበር 15 ወጥቶ እንዲመርጥ የሚጠይቅ ማሊያ ለብሶ ተጫውቷል፤ ከዚያም በኋላ በ1986 የዓለም ዋንጫ ለአገሩ ተሰልፏል። ነገር ግን ሶክራቲስ ብቻውን አልነበረም፤ የክለቡ አመራርና መላው ቡድን ከእርሱ ጋር ቆሟል፤ አገዛዙም እየላላ ነበር።

የሚያንማሩ ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ ፕያይ ሊያን አውንግ ዕድሉ ሌላ ሆነ። ጦሩ ሥልጣን በያዘ በአራተኛው ወር፣ በሜይ 28 ቀን 2021፣ ቡድኑ በጃፓን 10 ለ 0 በተሸነፈበት የማጣሪያ ጨዋታ መዝሙሩ ሲዘመር የጦሩ ተቃዋሚዎች ምልክት የሆነውን ሦስት ጣት አነሣ፤ በጣቶቹ ላይ ፍትሕ እንፈልጋለን የሚል በእንግሊዝኛ ጽፎ ነበር። ቡድኑ ወደ አገር ሲመለስ በካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ ከጓደኞቹ ተለይቶ ጥገኝነት ጠየቀ፤ በኦገስትም ተፈቀደለት። ከዚያ በኋላ ያገኘው ቦታ በትልቁ ሜዳ አልነበረም፤ በዮኮሃማ በሚገኝ የፉትሳል ቡድን፣ ቋንቋውን በማያውቅበት አገር፣ ከአነስተኛዋ ግብ ፊት እንደ አዲስ ጀመረ።