የድሜጥሮስ ሱባኤና የእኛ አጤሬራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥቅምት 12 ቅዱስ ሚካኤልን ልንሳለም ስንሄድ፣ የአባታችን የድሜጥሮስ የዕረፍቱ በዓል በዚያው ቀን እንደሚውል ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ዘንድሮ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ስለ እርሱ ተሰበከ። ወይን ተካይ ገበሬ እንደነበር፣ ያለ ወቅቱ የተገኘ ዘለላ ይዞ ወደ ሊቀ ጳጳሳቱ ወደ ዮልያኖስ እንደገባ፣ ፊደል ሳይቆጥር 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት እንደሆነ፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብም፣ እንደተገለጠለት ሰማን። ስንወጣ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጓደኛውን በክርኑ ጎሰም አድርጎ «አየህ፣ ሳይማር ተገለጠለት እኮ! እኔም ለሚካኤል ጧፍ ተስያለሁ» አለው። ተሳሳቁ። እኔን ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ልጆቼ፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አልሰማችሁትም። ድሜጥሮስ የተመኘው ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና ጾመ ሐዋርያት ከሰኞ፣ ሆሣዕናና ትንሣኤ ከእሑድ፣ ስቅለት ከዓርብ እንዳይወጡ ነበር። መልአኩ ግን ነገር በምኞት እንደማይገኝ ነግሮ ከሌሊቱ 23፣ ከቀኑ 7 ሱባኤ እንዲገባ አዘዘው፤ አንድ ሱባኤ ሰባት ነው። ገባ። እስቲ ወረቀት አውጡና አብረን እንቁጠር። 23 በ7 ሲባዛ 161 ነው፤ በ30 ሲገደፍ፣ ማለት 30 እየተቀነሰ ሲወጣለት፣ 11 ይተርፋል፤ ጥንተ አበቅቴ ይሉታል፤ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት ቀን ነው። 7 በ7 ደግሞ 49፤ 30 ሲገደፍ 19፤ ይህ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ቁጥር፣ ጥንተ መጥቅዕ ነው። 11 እና 19 ስንት ነው? 30። ከዚያ ወዲህም አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ከ30 ወጥተው አያውቁም።

«ተገለጠለት» ያልነው ነገር ማባዛትና መግደፍ ሆኖ አረፈው! ጨረቃና ፀሐይ በ19 ዓመት የሚገጥሙበትን ዑደትማ የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት ከ400 ዓመት በላይ ቀድሞ ያውቀው ነበር። አባቶቻችን «የአረማዊ ዕውቀት ነው» ብለው አልጣሉትም፤ ንዑስ ቀመር ብለው ለትንሣኤው በዓል አሠሩት።

እኛስ? ከጥቂት ዓመታት በፊት ፈታኝ ሆኜ ቆሜ ሳለ፣ አንዲት ልጅ ውዳሴ ማርያሟን ደጋግማ ገለጥ ታደርጋለች። ደስ አለኝ፤ ስትጨነቅ እመቤታችንን ትጠራለች ብዬ። ጠጋ ስል የረቡዕ ውዳሴ ላይ ጣት የምታህል ወረቀት ተቀምጣለች፤ በጉንዳን ፊደል የፊዚክስ ፎርሙላ። የእመቤታችንን ምስጋና የአጤሬራ ማኅደር አደረገችው! ቀና ብላ ስታየኝ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ወረቀቷን ወሰድሁ፣ መጽሐፏን መለስሁላት። ስሟን አላስመዘገብሁም፤ እርሱ ደግሞ የእኔ ኃጢአት ነው።

«አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» (ምሳ 11፥1) ሲነበብ ዓይናችን ወደ ቅቤ ነጋዴዋ ይሄዳል። ፈተና ሚዛን አይደለምን? በእርሱ የተመዘነ ልጅ ነገ መርፌ ይወጋል፣ ድልድይ ይሠራል። መልስ ለሚያቀብል ሰው ከፍለው፣ ልጁ ሲያልፍ ድፎ ደፍተው ማኅበር የሚያበሉ ወላጆችም አሉ፤ እግዚአብሔርን የስርቆቱ ተባባሪ እያደረጉ!

ለወደቅኸው ግን ቁጣ የለኝም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም ፈተና፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ነበሩ። መምህር ያልገባበት ክፍል አለ፣ ጦርነት ያፈናቀለው ተማሪ አለ፤ ይህን ሁሉ በአንተ ትከሻ የሚጭን ቢኖር አትስማው። የራስህን ጽፈህ ከወደቅህ አላፈርህብንም፤ እናትህም ጎረቤት ሲጠይቃት አንገቷን አትድፋ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከጉባኤው በፊት፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሒሳብ የሚያስጠኑ የዩኒቨርሲቲ ልጆች አሉን። ደብተርና እርሳስ ይዘህ ና። ጧፉን እኔ አበራልሃለሁ።