«ዐረገ» ምንድን ነው? ከ«አረጋዊ» ጋርስ ምን ያገናኘዋል?

አቡነ አረጋዊ በሚዘከሩበት በጥቅምት 14 ሰሞን «ጻድቁ አረጋዊ የተባሉት በዘንዶ ጭራ ተይዘው ወደ ደብረ ዳሞ ስላረጉ ነው» የሚል ማብራሪያ ዘንድሮም አነበብሁ። ስሕተቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀዳ ስለሚሄድ ዝም ማለት አልቻልሁም።

«ዐረገ» ወደ ላይ ወጣ ማለት ሲሆን በዐይኑ «ዐ» ይጻፋል፤ ዕርገት፣ ማሳረጊያ እንዲሁም በግእዝ መወጣጫ ደረጃንም የሚያመለክተው ማዕረግ የእርሱ ልጆች ናቸው። «አረጋዊ» ግን በአልፉ «አ» የሚጻፍ፣ ሽማግሌ ማለት የሆነ ቃል ነው፤ ዘመዶቹም «እርግና» እና «ገ» ወደ «ጀ» ተለውጦ ያገኘነው «አረጀ» ናቸው። ጻድቁ ቀድሞ ዘሚካኤል ይባሉ ነበርና አረጋዊ የአባትነት ክብር መጠሪያቸው ነው እንጂ የአወጣጣቸው ታሪክ አይደለም።

«በአማርኛ ሁለቱ ፊደላት ድምፃቸው አንድ ነው፤ ታዲያ ልዩነቱ ምን ይጠቅማል?» ለሚለው አስተያየት ሰጪ፣ ደብረ ዳሞ ባለበት አገር የሚነገረው ትግርኛ መልስ አለው፤ በዚያ «ዓረገ» ከጉሮሮ ሲወጣ «ኣረጋዊ» አይወጣም፤ ስለዚህ ሁለቱን ጆሮ ራሱ ይለያቸዋል። የእኛ ጆሮ ይህን ስላጣ የቀረን ፊደሉ ነው። ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣ ሰው አንዱን ጠፍር በእጁ ይጨብጣል፣ በወገቡ የታሰረውን ሌላውን ደግሞ ከላይ ያሉት ይስቡለታል፤ ለአንባቢም ፊደሉ የሚጨበጠው ጠፍር፣ ዐውዱ የሚሳበው ነው። ዐውዱ ብቻውን ሲስበን የምንደርሰው ወደ ተሳሳተው ገደል ሊሆን ይችላል፤ የዘንዶው ታሪክ ያሳሳተውም በዚሁ መንገድ ነው።

ፊደል አቀያይሮ መጻፍ በብራና መጻሕፍትም የቆየ ልማድ ስለሆነ «አረገ» ብሎ የጻፈን ሰው አልነቅፍም፤ የምቃወመው በዚያ አጻጻፍ ተነሥቶ የቃል ምንጭ መቍጠርን ነው። በንግግር «አደረገ» አጥሮ «አረገ» ሲባልም ሦስተኛ ተመሳሳይ ይፈጠራል፤ እርሱም ከሁለቱ ጋር ዝምድና የለውም።

አንድ ነገር ግን ለተከራካሪዬ ልመስክርለት ይገባል፤ በግእዝ «ዐርገ» ተራራ ለመውጣትም ያገለግላል፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መግቢያ ጌታ «ዐርገ ውስተ ደብር» ይባላል። በአማርኛ ግን ቃሉ ጠብቦ ወደ ሰማይ ለሚወጣ፣ ለጸሎትና ለዕጣን ቀርቷል፤ ተራራ ይወጡታል እንጂ አያርጉበትም። ስለዚህ «ወደ ደብረ ዳሞ ዐረጉ» የሚለው አነጋገር በግእዝ ቢያስኬድም፣ ለ«አረጋዊ» ፍቺ አይሆንም።