ብራንድ ማኔጀር ምንድን ነው? ማርኬቲንግ ለምትማሩ

ማርኬቲንግ የሚማር ልጅ «ስትመረቅ ምን ልትሠራ ነው?» ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ላይ ያርፋል። ያማረ ሎጎ፣ ጥሩ ቪዲዮ፣ ቲክቶክ ላይ የሚዞር ነገር። ትልልቅ ኩባንያዎች ውስጥ ያለውን ሥራ አሳምሮ የሚያሳየው ግን ብራንድ ማኔጀር የሚባለው የሥራ መደብ ነው።

ብራንድ ማኔጀር የአንድ ምርት ኃላፊ ነው። ኩባንያው አሥር ዓይነት ሳሙና ቢያመርት፣ እያንዳንዱ ሳሙና «የኔ ነው» የሚለው ሰው ሊኖረው ይገባል ከሚል ሐሳብ የመጣ ሥራ ነው። ሽያጭ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ዋጋ ይጨመር ወይስ ይቆይ? ትንሿ ፓኬት ትውጣ ወይስ ትቅር? ባጀቱ ለሬዲዮ ይዋል ወይስ ለባለሱቁ ቅናሽ? ሐሳቡን ይዞ ስብሰባ የሚገባውም፣ የሚሟገትለትም እሱ ነው።

አሠራሩ የተወለደው እዚያው ሳሙና ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1931፣ አሜሪካ ሲንሲናቲ ውስጥ፣ ኒል ማክኤልሮይ የሚባል የ26 ዓመት ወጣት ለአለቆቹ ሦስት ገጽ ማስታወሻ ጻፈ። የሚሠራው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ነበር፤ ካሜይ የተባለውን ሳሙና ያስተዋውቃል። ችግሩ ኩባንያው ከ1879 ጀምሮ የሚሸጠው አይቮሪ የሚባል ገናና ሳሙና ነበረው። ካሜይ ከሌሎች ኩባንያዎች ሳሙና ጋር ብቻ ሳይሆን ከገዛ ቤቱ ሳሙናም ጋር ይጋፋ ነበር። ማስታወሻው የተጻፈው ተጨማሪ ሰው ይቀጠርልን ለማለት ነው። የሰውየውን ሥራ ሲዘረዝር ግን አንድ ሙያ ፈጠረ።

የምወደው ክፍል ዝርዝሩ ነው። መጀመሪያ በየአካባቢው ስንት እንደተሸጠ አጥና ይላል። በደንብ የሚሸጥበት ቦታ ምን እንደሠራ ለይና ሌላ ቦታ ሞክረው። ደካማ የሆነበት ቦታ ደግሞ ራስህ ሂድ፤ ነጋዴውንም ተጠቃሚውንም አነጋግር፤ ችግሩን ፈልገህ አግኝ። ዕቅድ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማክኤልሮይ በ1948 የዚያው ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1957 ደግሞ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር።

አሁን ወደኛው ሰፈር እንምጣ። ደንበኛ ሱቅ ሄዶ «ኦሞ ስጠኝ» ይላል። ኦሞ የአንድ ብራንድ ስም ቢሆንም ለብዙ ሰው የዱቄት ሳሙና ሁሉ መጠሪያ ነው። ባለሱቁ እጁ የቀረበለትን ያነሳል። ደንበኛው አይቶ ዝም ካለ ገበያው አለቀ። የተወዳዳሪ ሳሙና ብራንድ ማኔጀር የሚጨነቀው ለዚያች ቅጽበት ነው። የኔ ፓኬት ባለሱቁ እጅ አጠገብ ነበረ? ለባለሱቁ ከሌላው የተሻለ ትርፍ ያስቀርለታል? ደንበኛው ሲያየው «ይሄን አይደለም» እንዳይል ከዚህ በፊት ቢያንስ አንዴ ሞክሮታል? አንዱንም ማስታወቂያ ብቻውን አይመልሰውም።

ቁጥሩንም እንየው። እንበል አንድ ሰፈር ውስጥ 100 ሱቅ አለ። 60ዎቹ ምርትህን ያስገባሉ። ዛሬ ሄደህ ብትቆጥር ግን 40ዎቹ ዘንድ ብቻ አለ፤ የቀሩት 20ዎቹ ጨርሰዋል፣ አከፋፋዩም አልደረሰላቸውም። በዚህ መሀል ቴሌቪዥን ላይ ማስታወቂያ ብትለቅ፣ ምርትህ በሌለባቸው 60 ሱቆች (40ዎቹ ከነጭራሹ አያስገቡም፣ 20ዎቹ ጨርሰዋል) በር ላይ ሰው ጠይቆ ሌላ ብራንድ ይዞ ይሄዳል። ገንዘብህን ለተወዳዳሪህ አወጣህለት ማለት ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። ከፋብሪካ ወደ አከፋፋይ መጋዘን የወጣ ዕቃ ወረቀት ላይ «ሽያጭ» ተብሎ ይጻፋል። መርካቶ መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ሊሆን ይችላል። ጎበዝ ብራንድ ማኔጀር የሚያየው ከሱቅ ወጥቶ ቤት የገባውን ነው።

ከባዱ ነገር ደግሞ ይሄ ሁሉ ኃላፊነት ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ማንንም አያዝም። ፋብሪካው ሌላ አለቃ አለው፤ የሽያጭ ቡድኑም፣ ፋይናንሱም እንዲሁ። የማስታወቂያ ኤጀንሲውም ከውጭ ነው። ማሸጊያው ከውጭ አገር የሚመጣ ከሆነ፣ ስንት እንደሚያስፈልግ ከወራት በፊት ገምቶ ግዢ ክፍሉን ማሳመን አለበት። ከገመተው በላይ ቢሸጥ ማሸጊያ ያልቃል፤ ባይሸጥ ገንዘቡ ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ ትልቁ መሣሪያው በማስረጃ ማሳመን ነው። ዝምተኛ ሰው አይሆንለትም ማለቴ አይደለም። ቁጥሩን አጥርቶ የያዘ ዝምተኛ፣ ቁጥር ከሌለው ተናጋሪ ይልቅ ይደመጣል ብዬ አምናለሁ።

ማርኬቲንግ ከማስታወቂያ በላይ መሆኑን ማየት የሚፈልግ የቢራን ነገር ይመልከት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ሲከለክል፣ የቢራ ብራንድ ማኔጀር ሥራ አልቀረም። ዋጋው፣ ጠርሙሱ፣ ስርጭቱ፣ የግሮሰሪው ፍሪጅ ሁሉም እጁ ላይ ነበሩ። ማስታወቂያው ሲነሳ የቀረው ሥራ ራሱ ትልቅ ነበር።

ታዲያ ተማሪ ምን ያድርግ? ኤክሴል በደንብ ይልመድ። በወሬ አይደለም፤ የሽያጭ ዝርዝር ተሰጥቶት በየከተማው ደምሮ፣ ካለፈው ወር ጋር አነጻጽሮ፣ የወረደበትን ቦታ ማሳየት እስኪችል። ሁለተኛ፣ በሽያጭ መጀመርን አይናቅ። እኛ ዘንድ «ማርኬቲንግ ኦፊሰር» ተብሎ የሚወጣ ክፍት ቦታ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሽያጭ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ኮታና ኮሚሽን ካያችሁ እወቁት። ግን አትሽሹት። ከባለሱቅ ጋር ዓመት የተከራከረ ሰው በኋላ ብራንድ ቢሰጠው ቢሮ ውስጥ ብቻ ካደገው የተሻለ ይሠራል። ፎቶሾፕና ቪዲዮ ኤዲቲንግ ማወቅ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ዋናው አይደለም።

ልምድ የለኝም ለሚል ደግሞ ዛሬ የሚጀመር ሥራ አለ። አንድ ምርት ምረጡ። ሰፈራችሁ ካሉት ሱቆች አሥሩን ዙሩ። ስንቶቹ ይሸጡታል? በስንት ብር? የት ነው ያስቀመጡት? ሰው ሲያጣው በምትኩ ምን ይወስዳል? ባለሱቁ ከአንዱ ፓኬት ስንት ያተርፋል? የመጨረሻውን ለመመለስ ያንገራግራል፤ አንድ ነገር ገዝታችሁ፣ በትህትና ከጠየቃችሁት ግን ብዙ ጊዜ ይነግራችኋል። ያገኛችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉት፤ መጨረሻው ላይ እናንተ ብትሆኑ መጀመሪያ የምታስተካክሉትን አንድ ነገር አስቀምጡ። ለኢንተርንሺፕ ስታመለክቱ ከሲቪያችሁ ጋር አያይዛችሁ ላኩት።