«መድኃኒት ተደርጎበታል፣ አይቃጠልም» ስለሚባለው የፕላስቲክና የሰጋቱራ ቦርድ

ደብሊው ፒ ሲ የሚባለው ቦርድ ከፕላስቲክና ከሰጋቱራ ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው። ስለ እሳት ሲጠየቅ ሁልጊዜ የሚሰጠው መልስ «መድኃኒት ተደርጎበታል፣ አይቃጠልም» የሚል ነው። ይቃጠላል! «መድኃኒት» የሚሉት የእሳት ማዘግያ የሚባለውን ዱቄት ነው፤ ሥራው ስሙ ላይ አለ፤ መለኮሱን ያዘገያል፣ ነበልባሉ ቶሎ እንዳይዛመት ያደርጋል። ክፍሉ በሙሉ ከተያያዘ ቦርዱም አብሮ ይነድዳል።

«ፕላስቲኩ እንጨቱን ይጠብቀዋል» የሚሉም አሉ። ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ 1 ኪሎ ፖሊኢትሊን (አንዱ የፕላስቲክ ዓይነት) ሲነድ ከ40 ሜጋጁል በላይ ሙቀት ያወጣል፣ እንጨት ግማሹን ያህል ነው።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን «ትንሽ ዱቄት ጣል ካደረጉበት ይበቃል» የሚለው ነው። ከማዘግያዎቹ አንዱን፣ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለውን ዱቄት እንውሰድ። ሲሞቅ ከክብደቱ ሲሶ የሚበልጥ ውኃ ይለቃል፤ እሳቱን የሚያቀዘቅዘው ይህ ውኃ ነው። 100 ኪሎ ድብልቅ ላይ 5 ኪሎ ቢጨመር የሚገኘው ውኃ 2 ኪሎ አይሞላም። በኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ ላይ መጠኑ 60 በመቶ አካባቢ የሚደርሰው ለዚህ ነው። ግማሹ ሰጋቱራ የሆነ ቦርድ ይህን ያህል ዱቄት የሚይዝበት ቦታ የለውም። ስለዚህ አሞኒየም ፖሊፎስፌት የሚባለው ሌላው ማዘግያ ይሻላል፤ ሲሞቅ አሲድ ሆኖ እንጨቱን ከላይ ወደ ከሰል ይለውጠዋል፣ ከሰሉም የውስጡን ይሸፍናል። እሱም ቢሆን በቁንጥር አይሠራም፤ ከ20 በመቶ ወዲያ ይታሰብ። ዱቄቱ ሲበዛ ቦርዱ ተሰባሪ ስለሚሆን ፕላስቲኩንና እንጨቱን የሚያያይዝ ማጣበቂያ ከ2 እስከ 3 በመቶ ይጨመርበታል።

ሙቀቱንም መጠበቅ ግድ ነው። አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ 200 ዲግሪ አካባቢ ውኃውን መልቀቅ ይጀምራል። ድብልቁን አቅልጦ ቦርድ አድርጎ የሚገፋው ማሽን (ኤክስትሩደር) ሙቀቱ ከዚያ ካለፈ ለእሳት የተቀመጠው ውኃ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ይወጣል፤ ቦርዱ ሲቆረጥ መሃሉ እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ሆኖ ይታያል። ያልደረቀ ሰጋቱራም ይህንኑ ያመጣል።

«ላይተር አስጠጋሁበት፣ ጠፋ» ማለትም ማስረጃ አይሆንም። ዩኤል 94 በሚባለው የፕላስቲክ እሳት መቋቋም ፈተና የቦርዱ ቁራጭ ቁልቁል ይሰቀልና እሳት ለ10 ሰከንድ ሁለት ጊዜ ይነካዋል፤ ከሥሩ ጥጥ ይነጠፋል። ቪ-0 የሚባለውን የዚህን ፈተና ከፍተኛ ደረጃ ለማግኘት ነበልባሉ በእያንዳንዱ ጊዜ በ10 ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት፣ ጠብታውም ጥጡን ማቀጣጠል የለበትም። በ3 ሚሊሜትር ያለፈ ቦርድ በ1.5 ሊወድቅ ስለሚችል፣ የፈተናውን ውጤት ወረቀት ስታዩ የተፈተነበትን ውፍረት ፈልጉ።

«ሁሉም ማዘግያ መርዝ ነው» መባሉም ልክ አይደለም። ቶሎ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን በሚከለክለው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ፔንታና ኦክታ የሚባሉት ማዘግያዎች በ2009፣ ዴካ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ተዘርዝረዋል፤ እነዚህ ብሮሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያለባቸው ናቸው። እነሱ ያሉበት የአሮጌ ቴሌቪዥን ሽፋን ተፈጭቶ ቦርድ ውስጥ አይግባ።